ለሽያጭ፦ «ጉልበቷን ያቀፈች»፣ የእርሳስ ንድፍ፣ ኤ2፣ ኤክስፕረሽኒስት አሣሣል

ጥቁር_እርሳስ

ሰላም ለሁላችሁ። አንድ የእርሳስ ንድፍ ለሽያጭ አቅርቤያለሁ። መሬት ላይ ተቀምጣ ሁለቱን ጉልበቶቿን ያቀፈች ሴት ናት። ጭንቅላቷ ወደ ግራ ትከሻዋ ዘንበል ብሏል፣ ነጠላዋ ከጀርባዋ ወርዷል። መጠኑ 42 በ59.4 ሴ.ሜ (ኤ2) ነው። የተሠራው በ2ቢ፣ በ6ቢና በ8ቢ እርሳስ (ቁጥሩ ሲጨምር እርሳሱ ይለሰልሳል፣ ይጠቁራል)፣ ከሞዴል ፊት በ40 ደቂቃ ነው። በቪየናው ሠዓሊ በኤጎን ሺሌ መንፈስ የተሣለ ጠንካራ ኤክስፕረሽኒስት፣ ማለትም ስሜትን ለማጉላት ቅርጹን የሚያጋንን ሥራ ነው። ከታች በቀኝ በኩል ፊርማና 2016 ዓ.ም. አለው። ዋጋው ያለ ክፈፍ 35,000 ብር። ወደ ውጭም ይላካል። እስካሁን ፊክሳቲቭ (እርሳሱን ወረቀቱ ላይ የሚያጸና ርጭት) አልተረጨበትም፤ ከመላኩ በፊት የፀጉር ስፕሬይ ይረጭበታል። ሁለት ፎቶ ከታች አለ።

ወረቀት_ጠባቂ

እህቴ፣ ከሁሉ በፊት የፀጉር ስፕሬዩን ተዪው። እሱ የተሠራው ዛሬ ተረጭቶ ነገ እንዲታጠብ ነው። ወረቀት ላይ ሲቀር ሙጫው እየቆየ ቢጫ ይሆናል፣ አቧራ ይስባል፤ ውስጡ ያለው ቅባትና ሽቶም ወረቀቱ ውስጥ ይሰርጋል። አንዴ ከገባ የሚያወጣው የለም።

ግራፋይት ካርቦን ነው፤ ብርሃን አያደበዝዘውም። ጠላቱ መታሸት ነው። 8ቢ ሸክላው ጥቂት፣ ግራፋይቱ ብዙ ስለሆነ ወረቀቱ ላይ ልቅ ዱቄት ሆኖ ይቀመጣል። እጅጌ ሲነካው እንኳ ወደ ነጩ ወረቀት ይጎተታል። በ2ቢ የተሠራው መስመር ግን ወረቀቱ ውስጥ ስለተጫነ እንዲህ በቀላሉ አይነሳም።

የግድ ማጽናት ካለብሽ ለሠዓሊዎች የተሠራ ፊክሳቲቭ ግዢ። ወረቀቱን አቁሚው፣ ከ30 ሴ.ሜ ርቀት እርጪ። ጣትሽን ቆርቆሮው ላይ ስትጫኚ መጀመሪያ የሚወጣው ትልልቅ ጠብታ ስለሆነ መርጨቱን ከወረቀቱ ጠርዝ ውጭ ጀምረሽ፣ በላዩ አሳልፈሽ፣ ከሌላው ጠርዝ ውጭ አቁሚ። ሁለት ስስ ዙር ይበቃል፤ በመካከሉ 15 ደቂቃ ይድረቅ። አንድ ወፍራም ዙር ካደረግሽ ወረቀቱ ይርሳል፣ ጥቁሩ ይጨልማል፣ መካከለኛው ግራጫ ከጥቁሩ ጋር ይደባለቃል። አስቀድመሽ ከዚያው ወረቀት ቁራጭ ላይ 8ቢ አሽተሽ ሞክሪ።

የኔ ምክር ግን ምንም አትርጪ ነው። የፊክሳቲቭ ጥቅም ከክፈፉ በፊት ባሉት ጥቂት ቀናት ብቻ ነው፤ ያን ጊዜ ደግሞ ግላሲን የሚባለው ለስላሳና ስስ ወረቀት ይሸፍንልሻል።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ንድፉ ስቦኛል፤ ለመግዛት ግን የጎደለ መረጃ አለ። ወረቀቱ ምንድን ነው፣ በካሬ ሜትር ስንት ግራም? የጀርባው ፎቶ የለም። በላይኛው ቀኝ ማዕዘን የሚታየው መስመር እጥፋት ነው ወይስ ጥላ? ከግራ እግሯ በታች ያለው ግራጫ ደመና ሆን ተብሎ የተሠራ ነው ወይስ የእጅ እሽታ? በፎቶው ላይ ደግሞ ወረቀቱ ራሱ ግራጫ ሆኖ ስለሚታይ የትኛው የእርሳስ፣ የትኛው የካሜራ እንደሆነ መለየት አልቻልኩም።

የመስኮት_ብርሃን

ግራጫነቱ የካሜራ ነው። ስልክ ብዙ ነጭ ነገር ሲያይ ብርሃን የበዛበት እየመሰለው ያጨልመዋል። ፎቶ ስታነሺ ወረቀቱን ነክተሽ የብርሃን መጠኑን ወደ ላይ ጎትቺ፣ ነጩ ነጭ እስኪሆን፤ ግን የወረቀቱ ሸካራነት እንዳይጠፋ።

ሁለተኛው ችግር ፍላሹ ነው። ጠብቆ የታሸ ግራፋይት እንደ ብረት ያበራል። በፎቶሽ ላይ የፀጉሯ ጥቁር ነጭ ሆኖ የወጣው ለዚህ ነው። ፍላሹን አጥፊ። ፀሐይ በቀጥታ ከማይገባበት መስኮት አጠገብ ንድፉን ግድግዳ ላይ አቁሚ፣ ብርሃኑ ከጎን ይምጣ። በሌላው ጎን ነጭ ካርቶን ብታቆሚ ጨለማው ወገን ይስተካከላል። ስልኩን በጣም ካስጠጋሽው ጠርዞቹ እንደ በርሜል ስለሚነፉ ሁለት ሜትር ያህል ርቀሽ አጉይተሽ አንሺ፤ ሌንሱ ከንድፉ መካከል ትይዩ ይሁን።

ማንሳት ያለብሽ፦ ሙሉውን ከነወረቀቱ ጠርዝ፣ ጀርባውን፣ ፊርማውን፣ ፊቷንና እጇን በቅርብ፣ ጉዳት ያለበትን እያንዳንዱን ቦታ ከማስመሪያ ጋር። በመጨረሻ ክፍሉን አጨልመሽ የእጅ ባትሪ ከጎን ዝቅ አድርገሽ ወረቀቱን እየላሰ እንዲያልፍ አብሪና አንድ ፎቶ ጨምሪ። እጥፋቱ፣ ጉድጓዱ፣ የላጲሱ ፋቅታ ሁሉ ይታያል። አዋቂ ገዢ መጀመሪያ የሚጠይቀው ይህንን ነው።

ጥቁር_እርሳስ

አመሰግናለሁ፤ አዲስ ሰባት ፎቶ ተጨምሯል። ወረቀቱ 200 ግራም፣ ከአሲድ ነፃ የተባለ፣ ትንሽ ሸካራነት ያለው ነው። ማዕዘኑ ላይ ያለው 1.5 ሴ.ሜ እጥፋት ነው፣ ወረቀቱ አልተቀደደም። ከእግሯ በታች ያለው ደመና የእጅ እሽታ ነው። ጀርባው ላይ ከሰሌዳው ጋር የተያዘበት የወረቀት ቴፕ አራት ቦታ አለ፤ ሁለቱ ቢጫ መሆን ጀምረዋል።

መስመር_ተከታይ

የቅርብ ፎቶዎቹን ካየሁ በኋላ ስለ ሥራው ራሱ ልናገር፤ እስካሁን ስለ ወረቀቱ ብቻ ነው የተወራው።

ግራ እጇን እዩት። ቅልጥሟ ላይ ያረፈው እጅ አራቱ ጣቶች ከልክ በላይ ረዝመዋል፤ አንጓዎቹ ግን በትክክለኛ ቦታቸው ናቸው። መስመሩ እያንዳንዱ አንጓ ላይ ሲደርስ ተጭኗል፣ ወረቀቱ ላይ ስርጉድ ትቷል፤ ከአንጓው ሲወርድ ደግሞ እርሳሱ ሊነሳ እስኪቃረብ ቀሏል። የመሃል ጣቷ ላይ መስመሩ ጨርሶ ተቋርጦ አንድ ሴንቲሜትር ወረድ ብሎ ቀጥሏል፤ ዓይናችን ግን ክፍተቱን ይሞላዋል። ይህ ኤክስፕረሽኒስት የሚያሰኘው ነገር ነው። ርዝመቱ የስሜቱ ነው፣ መገጣጠሚያው የአጥንቱ ነው። አጥንቱ ከጠፋ ማጋነኑ ስሕተት ይመስላል።

አሁን ወደ ማስታወቂያሽ። «በኤጎን ሺሌ መንፈስ» የሚለውን አውጪው። ሺሌ እ.ኤ.አ. ጥቅምት 31 ቀን 1918 በ28 ዓመቱ ሲሞት በወረቀት ላይ የተሠሩ 3,000 ገደማ ሥራዎች ትቷል። ሐሰተኛውም ብዙ ነው። ከዚያ በላይ የባለቤትነት ክርክር አለበት። ናዚዎች ከቪየናው የመድረክ ተዋናይ ከፍሪትዝ ግሩንባውም በዘረፉት ስብስብ ውስጥ የሺሌ ሥራዎች ነበሩ፤ እሱ በ1941 እ.ኤ.አ. ዳካው ካምፕ ውስጥ ሞተ፤ በ2023 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ሰባቱ ለወራሾቹ ተመልሰዋል። ስለዚህ ስሙን በእርሳስ ንድፍ ማስታወቂያ ላይ ያየ አዋቂ ገዢ ወዲያው «ከማን እጅ መጣ?» ብሎ መጠራጠር ይጀምራል። ያንቺ ሥራ ደግሞ የዚህ ጥርጣሬ ባለዕዳ አይደለም። ሠዓሊዋ አለች፣ ዓመቱ ተጽፏል፣ ሞዴሏ ከፊቷ ተቀምጣ ነበር። የታወቀ ስም ሲለጠፍበት ንድፉ የራሱን ስም ያጣል።

ከዚህ ይልቅ የሚታየውን ጻፊ፦ የተቋረጠ መስመር፣ አንጓ ላይ የተጫነ እርሳስ፣ ባዶ የተተወ ዳራ። ሺሌም ቢሆን ወንበሩንና አልጋውን ትቶ ሰውን ብቻ በባዶ ወረቀት ላይ ያስቀምጥ ነበር፤ ግን ያንን ማነጻጸር ለተመልካች ተዪለት።

የሐረር_ግንብ

በዚህ ላይ አንድ ነገር። ኤክስፕረሽኒዝም ሲነሣ ሁሌ ወደ ቪየና መሮጥ የለብንም። ሠዓሊው ገብረክርስቶስ ደስታ ከ1957 እስከ 1961 እ.ኤ.አ. ጀርመን አገር ኮሎኝ ተምሮ ተመልሶ በ1963 አዲስ አበባ ውስጥ ሥራዎቹን አሳይቷል። «ጎልጎታ»ም የዚያው ዓመት ሥራው ነው። እርግጥ ያ ቀለም ነው፣ ይኼ እርሳስ ነው። ግን የተጨነቀ አካል በጋለ መስመር ሲሣል ለኛ ተመልካች አዲስ አይደለም፤ ማስታወቂያው ይህን ያህል ማስረዳት አያስፈልገውም።

ቅርጽ_አጥኚ

በእጁ እስማማለሁ፣ በጭኗ አልስማማም። ከፎቶው ላይ በማስመሪያው ልኬት ስቆጥር ቀኝ ጭኗ 21 ሴ.ሜ፣ ግራው 15 ሴ.ሜ ይመጣል። ግራ ጉልበቷ ወደ እኛ ስለመጣ ነው ያጠረው ይባል ይሆናል። እንደዚያ ከሆነ ጉልበቱ ከጭኑ ቀድሞ መታየት፣ መስመሩ ደግሞ ጭኑን አቋርጦ ማለፍ ነበረበት። እዚህ ግን ሁለቱም በአንድ ዓይነት ጠፍጣፋ ጥላ ተሞልተዋል፣ መስመሩም ጎን ለጎን ነው የሚሄደው። ስለዚህ ዓይን «ወደ እኛ መጣ» ሳይሆን «አጠረ» ነው የሚለው። ዳሌዋም መሬቱን ሲነካ የክብደት ጥላ የለውም፤ ትንሽ ተንሳፋለች።

መስመር_ተከታይ

የጭኑን ተቀብያለሁ፤ ጥላው ጠፍጣፋ ነው። መንሳፈፏን ግን አልቀበልም። ከዳሌዋ በታች ያለውን መስመር እዩ፤ በጠቅላላው ንድፍ ላይ ከሁሉ ወፍራሙና ጥቁሩ እሱ ነው፣ 8ቢው ሁለት ጊዜ ሄዶበታል። ክብደቱን በጥላ ሳይሆን በመስመር ነው የተሸከመችው።

ጥቁር_እርሳስ

ጭኑ ትክክል ነው፣ ይታየኛል። አሁን በላጲስ አንስቶ የጉልበቱን መስመር በጭኑ ላይ ማሳለፍ ይቻል ይሆን?

ወረቀት_ጠባቂ

አይሆንም። እርሳሱ ተጭኖ ባለፈበት ቦታ ወረቀቱ ሰርጉዷል። ላጲስ ዱቄቱን ያነሳል እንጂ ስርጉዱን አያነሳም። ቃጫውንም ያስነሳል፤ የተነሳ ቃጫ ላይ አዲስ እርሳስ ሲያልፍ ከአካባቢው ይልቅ ይጠቁራል፣ ነጠብጣብም ይሆናል። በጎን ብርሃን ሲታይ ያ ቦታ እንደ ጠባሳ ነው። የ40 ደቂቃ ንድፍ ዋጋው አንድ ትንፋሽ መሆኑ ነው፤ ሌላ ቀን የገባ መስመር ያስታውቃል። እሽታውንም ቢሆን አትንኪው፤ ካልቻልሽ ግን እንደ ሊጥ የሚለወስ ለስላሳ ላጲስ ሹል አድርገሽ፣ ሳትጎትቺ፣ እየነካሽ አንሺ። ከሥዕሉ መስመር ግማሽ ሴንቲሜትር ስትቀሪ አቁሚ።

ሸራና_ክፈፍ

ዋጋው ላይ። 35,000 እንዴት ተገኘ? በካሬ ከሆነ 42 × 59.4 ወደ 2,495 ካሬ ሴ.ሜ ነው፤ በ14 ብር ሲባዛ 34,930 ይመጣል። ችግሩ ሌሎች መጠኖችን ስትተምኚ ነው። በዚሁ ሒሳብ ኤ3 ንድፍ 17,464 ብር፣ ኤ1 ደግሞ 70,000 ገደማ ይሆናል። በእርሳስ ሥራ ውስጥ ኤ1 ከኤ2 እጥፍ ድካም የለውም፤ ኤ3ም ግማሽ አይደለም። ስለዚህ ብዙ ሰው ቁመትና ወርዱን ደምሮ ያባዛል። 42 ሲደመር 59.4፣ 101.4፤ በ345 ብር ሲባዛ 34,983። በዚህ ኤ3 24,736፣ ኤ1 49,507 ይሆናል። የተመጣጠነው ይኼ ነው።

ከሁሉ የሚበልጠው ግን አንድ ዋጋ መያዝ ነው። ጋለሪ ብዙ ጊዜ ከ30 እስከ 50 በመቶ ይወስዳል። 40 ቢሆን ከ35,000 የሚደርስሽ 21,000 ነው። «በቀጥታ ከኔ ስትገዙ 21,000» ብለሽ እዚህ ከለጠፍሽ ጋለሪው ዳግመኛ አይቀበልሽም፣ ቀድሞ በ35,000 የገዛሽም ሰው እንደተታለለ ይቆጥረዋል።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

ዋጋው ይስማማኛል። ንድፉ የሚላከው ግን የጀርባው ቴፕ ሳይነሳ ነው ወይስ ተነስቶ?

ወረቀት_ጠባቂ

ሳይነሳ። የወረቀት ቴፕ ሙጫ እየቆየ ወደ ወረቀቱ ይሰርግና ቡናማ ይሆናል፤ እያደር ከፊት በኩል እንደ ዘይት ጠብታ ይታያል። ስለዚህ መነሳት አለበት፤ ግን በጥፍር መላጥ፣ በፀጉር ማድረቂያ ማሞቅ ወይም ቤንዚን መቀባት አይደለም መንገዱ። ሲላጥ የወረቀቱን ንጣፍ ይዞ ይነሳል፣ ቤንዚኑ ሙጫውን አሟሙቶ ይበልጥ ወደ ውስጥ ይሰደዋል። እርስዎ ካሉበት የወረቀት ጥገና ባለሙያ ይፈልጉ። ጠርዙን ቆርጦ መገላገልም አይገባም፤ የወረቀቱ ሙሉ መጠን የሥራው አካል ነው።

ክፈፍ ሲያሠሩም ለክፈፍ ሠሪው ይህን ይንገሩ። ንድፉ መስታወቱን መንካት የለበትም። ፓስፓርቱው፣ ዙሪያውን የሚከበው ወፍራም ካርቶን ማለቴ ነው፣ ከአሲድ ነፃ ይሁን፤ 8ቢው ልቅ ስለሆነ 1.5 ሚ.ሜውን ድርብ አድርገው 3 ሚ.ሜ ያድርሱት። ወረቀቱ ከላይ ብቻ በሁለት ማጠፊያ ይንጠልጠል፤ አራቱም ጎን ከተጣበቀ እርጥበት ሲመጣ መለጠጫ አጥቶ ይሞገዳል። ማጠፊያው ስስ የጃፓን ወረቀት፣ ሙጫው የስንዴ ስታርች። ስታርች ነው ያልኩት፣ ዱቄት አይደለም፤ ዱቄት ውስጥ ያለው ፕሮቲን ነፍሳት ይጠራል። ማጠፊያው ከንድፉ ወረቀት ደካማ መሆን አለበት፤ ክፈፉ ቢወድቅ እሱ ይቀደዳል፣ ንድፉ ይተርፋል። ከጀርባ ቺፑድ ወይም ኮምፔንሳቶ በቀጥታ አይንካው፤ ከእንጨቱ የሚወጣው አሲድ ወረቀቱን ያቃጥለዋል። ብርሃን ግራፋይቱን ባይጎዳም ወረቀቱን ይጎዳልና ፀሐይ ከሚገባበት መስኮት ፊት ለፊት አይሰቀል።

ጭነት_አዋቂ

አላላኩ። ብዙዎች ለርካሽነቱ በቱቦ ይልካሉ፤ ለ8ቢ አይሆንም። ሲጠቀለል ወረቀቱ በወረቀት ላይ ይንሸራተታል፣ በመንገዱ ሁሉ ይታሻል። ጠፍጣፋ ይላክ። 52 በ70 ሴ.ሜ የሆኑ፣ ውስጣቸው ሞገድማ መስመር ያለው ሁለት ካርቶኖች ቁረጪ፤ በእያንዳንዱ ጎን 5 ሴ.ሜ ትርፍ ይኖራል። የአንዱ ካርቶን መስመር ወደ ቁመት፣ የሌላው ወደ ወርድ ይሁን፤ አብረው እንዳይታጠፉ። በመካከላቸው ከአሲድ ነፃ ሰሌዳ ላይ ንድፉን አራት የማዕዘን ኪስ ሠርተሽ አስገቢው፣ ምንም ሙጫ አይንካው። ፊቱ ላይ ግላሲን። አረፋ ፕላስቲኩ ከካርቶኑ ውጭ ነው የሚገባው፤ ግላሲኑ ላይ ካረፈ ክቦቹ 8ቢው ላይ ይታተማሉ። ከዚያ በላይ ውኃ የማያስገባ ፕላስቲክ። መስታወት አብሮ አይላክ።

ከአገር ለመውጣት አስቀድመሽ የኢትዮጵያ ቅርስ ባለሥልጣን ዘንድ ቅርስ አለመሆኑን አረጋግጪ፤ የቅርስ አዋጁ ቁጥር 209/1992 ነው። ሥራውን ራሱን፣ ፎቶውንና የሠዓሊዋን ማንነት የሚያሳይ ወረቀት ይዘሽ ሂጂ፤ የሚፈልጉትን ዝርዝር ከመሄድሽ በፊት ጠይቂ። ደረሰኙ ላይ «በእጅ የተሠራ ኦሪጅናል የእርሳስ ንድፍ» ብለሽ ጻፊ፤ የጉምሩክ መደቡ 9701 ነው። «ጌጣጌጥ» ወይም «የእጅ ጥበብ ውጤት» ከተባለ ሌላ መደብ ውስጥ ይገባና ገዢው ያላሰበው ቀረጥ ይመጣበታል። ዋጋውን ዝቅ አድርጎ መጻፍም ጥሩ አይደለም፤ ቢጠፋ ካሣው በተጻፈው ልክ ነው።

ቅርጽ_አጥኚ

የሞዴሏ ፈቃድ አለ? ፊቷ ይታወቃል። ለመሣል መቀመጥ አንድ ነው፣ በኢንተርኔት መለጠፍ ሌላ ነው። በጽሑፍ ይኑርሽ።

ጥቁር_እርሳስ

በጽሑፍ አለ፤ ለኤግዚቢሽንም ለኢንተርኔትም።

ማስታወቂያው እንዲህ ተስተካክሏል፦

«ጉልበቷን ያቀፈች»፣ 2016 ዓ.ም.። ከሞዴል ፊት በ40 ደቂቃ የተሣለ፣ 2ቢ፣ 6ቢ እና 8ቢ እርሳስ፣ 200 ግራም ከአሲድ ነፃ ወረቀት፣ 42 በ59.4 ሴ.ሜ። ጣቶቿ ረዝመዋል፣ መስመሩ አንጓዎቹ ላይ ተጭኖ በመካከላቸው ይቋረጣል፣ ዳራው ባዶ ነው። ፊክሳቲቭ አልተረጨበትም። ጉዳት፦ በላይኛው ቀኝ ማዕዘን 1.5 ሴ.ሜ እጥፋት፣ ከግራ እግሯ በታች የእጅ እሽታ፣ ጀርባው ላይ አራት ቦታ የወረቀት ቴፕ። ፊርማና ዓመት ከታች በቀኝ። ከሠዓሊዋ እጅ በቀጥታ፤ ከዚህ በፊት አልተሸጠም። ዋጋ ያለ ክፈፍ 35,000 ብር። በቅጂ መብት አዋጅ ቁጥር 410/1996 መሠረት የማባዛት መብት ከሠዓሊዋ ጋር ይቆያል፤ ገዢው ንድፉን መስቀልና መሸጥ ይችላል፣ በፖስተር ማተም ግን አይችልም።

መስመር_ተከታይ

አሁን ንድፉ ራሱ ይነበባል። «ጣቶቿ ረዝመዋል» ከሚለው አጠገብ የእጇን የቅርብ ፎቶ አስቀምጪ።

ከሲልቨር_ስፕሪንግ

እወስደዋለሁ። ቴፑ እንዳለ ይምጣ፣ እዚህ ለባለሙያ ይሰጣል። የጎን ብርሃኑን ፎቶ ከማሸግሽ በፊት እንደገና አንስተሽ ላኪልኝ፤ ሲደርስ ከሱ ጋር ይነጻጸራል።

ጥቁር_እርሳስ

እሺ። ከዛሬ ጀምሮ ተይዟል። የቅርስ ማረጋገጫው ወረቀት ሲወጣ ፎቶውና የማሸጊያው ልክ በግል መልእክት ይደርስዎታል።